ዐሥራ አራት ዓመት የተጠበቀው ፊልም

በክረምት ማታ የጥሊሊ ብርድ ቀላል አይደለም። ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወርደው አውራ ጐዳና ዳር ባለች አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ አምስት ሆነን ተቀምጠን ነበር፤ ሁለቱ መምህራን፥ አንደኛው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፥ አንደኛው ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ አምስተኛው እኔ ነበርኩ። በመካከላችን የተከፈተ ላፕቶፕ አለ፤ የምንመለከተውም የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ነበር። ፊልሙ ሲያበቃ ከመምህራኑ አንዱ ይህን ሥራ ለመፈጸም ዐሥራ አራት ዓመት ያህል እንደ ፈጀ ነገረን። የሻይ ቤቱ ባለቤት አባት በጥግ በኩል ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው ኖሮ በዚህ ጊዜ ቀና አሉና «ዐሥራ አራት ዓመት! ታዲያ እስከዚያ ድረስ ምን እየበላ ቆየ፥ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁ።

እኛ ሣቅን። ሽማግሌው ግን አልሣቁም። «ዲከረንስ የሚተክል ሰው እንኳ አምስት ዓመት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ባዶ እጁን አይጠብቅም። የመጀመሪያውን ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሣሩን አጭዶ ለከብቱ ያበላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ዛፉን ቆርጦ ከሰል የሚያከስለው። እኔ የጠየቅኋችሁ የዚያን ሰው ጤፍ ነው» አሉን።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ የእኒያ ሽማግሌ ጥያቄ ነው። በአዊ አገር የሚኖር ሁሉ እንደሚያውቀው ዲከረንስ ለብዙ ገበሬ ቤተሰብ ቆርቆሮ ቤት የሠራ፥ ልጅ ያስተማረ ዛፍ ነው። ዛፉ ይህን ሊያደርግ የቻለው በፍጥነት ስለሚያድግ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው የመጠበቂያውን ዘመን የሚያሳልፍበት ብልኀት ስላለው ጭምር ነው። እንግዲህ ስለ አገራችን ፊልም ስንነጋገር ዘወትር የምናነሣው ስለ ችሎታ፥ ስለ ካሜራና ስለ ድርሰት ነው። የመጠበቂያው ዘመን ቀለብ ከየት ይመጣል ብለን ግን አንጠይቅም። ይህን ስላልጠየቅን ደግሞ ከዚህ የሚከተለውን ከባዱን ጥያቄ፥ ማለት ተዋናዩን የሚመርጠው ማነው የሚለውን፥ በትክክል ልንመልሰው አልቻልንም።

በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር እንመልከት። መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ወረቀትና ጊዜ ካለው ሥራውን ሊጀምር ይችላል። ፊልም የሚሠራ ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ ከመቅረጹ በፊት የካሜራና የመብራት ኪራይ፥ የባለሙያዎች ደመወዝ፥ የመጓጓዣ፥ የመኝታ፥ የምግብና የልብስ ወጪ ከፊቱ ተደቅኖ ይጠብቀዋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚወጣው አስቀድሞ ነው፤ የሚመለሰው ግን ሥራው ከተፈጸመና ሕዝብ ቲኬት ገዝቶ ካየው በኋላ ነው፤ ያውም ከተመለሰ። ባንክ ሄዶ ቢበደር ባንኩ መያዣ ይጠይቀዋል፤ ቤት መያዣ ይሆናል፥ መኪናም መያዣ ይሆናል፤ በእጅ የተያዘ ድርሰት ግን መያዣ አይሆንም።

ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው በመያዣ ፈንታ ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም «ማን ይጫወትበታል?» የሚለው ነው። ስሙ የታወቀ ተዋናይ በፊልም ንግድ ውስጥ እንደ ቤትና እንደ መኪና መያዣ ሆኖ ይቈጠራል፤ ተመልካች በፊቱ ተስቦ ይመጣል ተብሎ ይታመናልና። ነገር ግን የታወቀው ተዋናይ ደግሞ ገንዘቡ መኖሩን ሳያረጋግጥ ቀኑን አይሰጥም። ባለገንዘቡ ተዋናዩን፥ ተዋናዩም ባለገንዘቡን እየጠበቁ ዓመታት ያልፋሉ። በዓለም ላይ ዘገዩ ከሚባሉት ፊልሞች ብዙዎቹ የሚታሰሩት በዚህ ቋጠሮ ነው። እንግዲህ የተዋናይ ምርጫና የገንዘብ ፍለጋ ሁለት ጉዳዮች መስለው ቢታዩም በሥራው ውስጥ አንድ ጉዳይ ናቸው።

ኃይሌ ገሪማ ይህን ቋጠሮ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቶታል። በ1938 ዓ.ም. በጎንደር ተወለደ፤ አባቱ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት ገሪማ ታፈረ ናቸው። በ1960ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በመጀመሪያ ቴያትር፥ ኋላም በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። ተማሪ ሳለ ወደ አገሩ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በ1974 በፈረንጆች አቆጣጠር፥ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በሚናወጥበት ዓመት፥ በጥቁርና ነጭ ቀረጸ። ያን ጊዜ ታዋቂ ተዋናይ አልፈለገም፤ የገበሬን ኑሮ የተጫወቱለት በአብዛኛው ተዋናይ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። የቀረጻው ጊዜ ሳምንታት ብቻ ነበር። ልብ እንበል፤ ገንዘቡ ትንሽ ስለ ነበረ ጊዜውም አጭር ሆነ፤ ተዋናዩም የቅርብ ሰው ሆነ።

«ሳንኮፋ» ግን እንደዚያ ሊሆን አልቻለም። ይህ ፊልም ስለ ባርያ ንግድ የሚናገር ነው፤ በጋና ጠረፍ ባለው የባሮች ምሽግ ውስጥ ፎቶግራፍ የምትነሣ አንዲት አሜሪካዊት ጥቁር ሴት በድንገት ወደ አያቶቿ ዘመን ተወስዳ ራሷን በባርነት ታገኛለች። ታሪኩ ከጋና እስከ አሜሪካ ግዛቶች ስለሚዘልቅ የግድ ብዙ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። ዲሬክተሩ ገንዘቡን ለማሰባሰብ ዘጠኝ ዓመት ያህል ደከመ። በመጨረሻ ከጋና፥ ከቡርኪና ፋሶ፥ ከጀርመንና ከሌሎችም ተለቃቅሞ በተገኘ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሥራው ተፈጸመና በ1993 በፈረንጆች አቆጣጠር በበርሊን የፊልም ውድድር ቀረበ። ለሆሊውድ አንድ ሚሊዮን ዶላር ኢምንት ነው።

በተዋንያኑ ምርጫ ላይ የተደረገውም ልብ ሊባል ይገባዋል። በ«ሳንኮፋ» ውስጥ ከሚታዩት መካከል ሙታባሩካ የጃማይካ ባለቅኔ ነው፤ ኮፊ ጋናባ ደግሞ የጋና ስመ ጥር የከበሮ ተጫዋች ነበር። ባለገንዘብ የሚጠይቀውን ዓይነት «መያዣ» ፊት ዲሬክተሩ አላቀረበም፤ በፈንታው ታሪኩ የሚፈልገውን ፊት አቀረበ። ዋጋውንም ከፈለ። በአሜሪካ ፊልሙን የሚያከፋፍልለት ኩባንያ አጣ። ያን ጊዜ ሲኒማ ቤት በራሱ እየተከራየ ማሳየት ጀመረ፤ የጥቁሮች ማኅበራት፥ አብያተ ክርስቲያናትና መምህራን ተመልካቹን ይዘውለት መጡ፤ ከከተማ ወደ ከተማም ፊልሙ ዞረ። ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋርም በዋሽንግተን ከተማ፥ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፥ በዚያው በ«ሳንኮፋ» ስም የመጽሐፍና የፊልም መሸጫ ከፈተ። ፊልሙ ታድሶ በኔትፍሊክስ ለዓለም የቀረበው በ2021 ነው፤ ይኸውም ከተሠራ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ፤ ጤፉ የት ነበር? ጤፉ የመምህርነት ደመወዙ ነበር። ኃይሌ ገሪማ ከ1975 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ለአያሌ ዓመታት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተምሯል። ሣሩ ደግሞ ያ መጽሐፍ ቤትና የቀደሙት ፊልሞች ገቢ ነበር። ብዙ ሰው የዚህን ሰው ጽናት ያደንቃል፤ ማድነቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጽናት ብቻውን ዐሥራ አራት ዓመት አያኖርም። ጽናቱን ያቆመው በወሩ መጨረሻ የሚመጣ ሌላ እንጀራ ነበር። ይህን ሳናስተውል ለወጣቶቻችን «ጽኑ» ብቻ ብንላቸው በችግኙ መካከል ጤፍ ሳይዘራ ዲከረንስ ትከል እንደ ማለት ይሆናል።

«ጤዛ» የሐኪም ምርምር ሊማር ወደ ጀርመን አገር የሄደ አንበርብር የተባለ ወጣት ታሪክ ነው። በውጭ አገር የተማሪዎችን እንቅስቃሴ አይቷል፤ በደርግ ዘመን አገሩን ላገለግል ብሎ ተመልሶ የሆነውን አይቷል፤ እንደገና ወደ ጀርመን ተመልሶ በዘረኞች ተደብድቧል፤ በመጨረሻም አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ሐይቅ አጠገብ ወዳለችው መንደሩ፥ ወደ እናቱ ይመለሳል። ለተማሪና ለወጣት ሹም ከዚህ የበለጠ የቀረበ ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል። ተምሮ መመለስ ምን ማለት ነው? የተማረውንስ ማን ይፈልገዋል? እናቱ ልጇን ከዐዋቂነቱ ጋር እንዴት ትቀበለዋለች?

እንዲህ ያለ ታሪክ በሁለት አገርና በሦስት ዘመን መካከል ስለሚመላለስ ወጪው በዚያው ልክ ነው። የኢትዮጵያው ክፍል ከተቀረጸ በኋላ ለጀርመኑ ክፍል የሚበቃው ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ሌላ መጠበቅ አስፈልጓል። ፊልም አሠራርን የማያውቅ ሰው «ምን አለበት፥ ቢቆይስ?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ተዋናይ ድንጋይ አይደለም፤ ይከሳል፥ ይወፍራል፥ ፀጉሩ ይሸብታል፥ ሌላ ሥራ ይይዛል። በአንድ ትዕይንት በር ከፍቶ የገባ ሰው በሚቀጥለው ትዕይንት ሁለት ዓመት አርጅቶ ከበሩ በስተ ውስጥ ሊታይ አይገባውም። ፊልም በተቋረጠ ቁጥር የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ያ የመጀመሪያው ፊት ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንበርብርን የተጫወተው አሮን አረፈ፥ ጓደኛውን ተስፋዬን የተጫወተው አብይ ተድላ፥ እናቱን የተጫወቱት ታከለች በየነ በዓለም የታወቁ ፊቶች አልነበሩም። የጀርመንና የፈረንሳይ ተባባሪዎች ገንዘብ በሥራው ውስጥ ቢኖርም፥ ገንዘቡ የኢትዮጵያን እናት በሌላ ሰው አላስለወጠም። በበኩሌ ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛ፥ ታሪኩ ራሱ ወደ ጀርመን ስለሚሄድ የጀርመን ገንዘብ ታሪኩን ማጣመም አላስፈለገውም። ሁለተኛ፥ ዲሬክተሩ የራሱ ጤፍ ስለ ነበረው «እምቢ» ለማለት አቅም ነበረው። ፊልሙ በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት፥ በዚያው ዓመት በካርቴጅ ወርቃማውን ታኒት፥ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ በፌስፓኮ የአፍሪካን ፊልም ታላቅ ሽልማት፥ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አገኘ።

ይህን ከሌላ ሥራ ጋር ብናነጻጽረው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ካናዳዊቷ ደራሲ ካሚላ ጊብ በ2005 በፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተመችው ልቦለድ በሐረር ስለኖረችና ከአብዮቱ በኋላ ወደ ለንደን ስለተሰደደች አንዲት ነጭ ሴት የሚናገር ነው። ይህን ታሪክ የአገራችን ልጅ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በፊልም አዘጋጀው። በመጀመሪያ ለዋናው ቦታ ስሟ የተጠራው የአየርላንዷ ሲርሻ ሮናን ነበረች፤ ኋላ ግን ቦታውን የያዘችው አሜሪካዊቷ ዳኮታ ፋኒንግ ሆነች። የካናዳና የአየርላንድ ኩባንያዎች የተባበሩበት ሥራ ስለ ሆነ ከፊሉ በኢትዮጵያ፥ «ለንደን» የተባለው ደግሞ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተቀረጸ። በአብዛኛው የመንግሥታት የፊልም ድጎማ «ገንዘቤን በአገሬ አውጣ፥ ባለሙያዬን ቅጠር» የሚል ግዴታ አለበት፤ ሰው በአንድ አገር ገንዘብ ሌላውን አገር የሚሠራበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ፊልሙ በ2019 ወደ ቶሮንቶ ፌስቲቫል ሲቀርብ በማኅበራዊ መገናኛዎች ላይ ቁጣ ተነሣ፤ «ነጯ ተዋናይ ኢትዮጵያዊት ስደተኛ ሆነች!» ተባለ። ተዋናይዋም የምትጫወተው ሰው ትውልደ ኢትዮጵያ ሳትሆን ወላጆቿ አፍሪካ ውስጥ ትተዋት የሄዱ እንግሊዛዊት መሆኗን አስረዳች። በእውነቱ በዚህ ነጥብ ላይ ተቈጪዎቹ ተሳስተው ነበር፤ መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ባለታሪኳ ነጭ መሆኗን ያውቃል። ነገር ግን ስሕተታቸው ከሥሩ እውነት ነበረበት። መጠየቅ የነበረበት «ለዚህ ቦታ ለምን ነጭ ሴት ተመረጠች?» የሚለው ሳይሆን «ከሐረር ታሪኮች ሁሉ መካከል ገንዘብ ያገኘው ለምን በመካከሉ ነጭ ሴት ያለችበት ታሪክ ሆነ?» የሚለው ነበር። የተዋናይ ምርጫ የሚጀምረው ተዋንያን ተሰልፈው በሚፈተኑበት ክፍል አይደለም፤ ባለገንዘቡ የትኛውን ድርሰት እንደሚያነብ በሚወስንበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ይህን የምለው ዘረሰናይን ለመንቀፍ እንዳልሆነ የሚታወቀው በቀደመው ሥራው ነው። «ድፍረት» የተባለው ፊልሙ በአማርኛ የተሠራ፥ በጠለፋ ላይ የቆመ ታሪክ ነው። የጠበቃዋን ቦታ የያዘችው በአገር ቤት የታወቀችው ሜሮን ጌትነት ስትሆን፥ የተጠለፈችውን ልጅ የተጫወተችው ትዝታ ሐገሬ ግን ከዚያ በፊት በፊልም ሠርታ የማታውቅ ልጅ ነበረች። አንጀሊና ጆሊ ስሟን ለፊልሙ የሰጠችው ሥራው ከተቀረጸ በኋላ ነው። ይህም ትልቅ ልዩነት ነው፤ ታዋቂው ስም ታሪኩ ሳይሠራ ቢገባ ኖሮ ታሪኩን ባጐበጠ ነበር፤ ታሪኩ ካለቀ በኋላ ሲገባ ግን መንገድ ብቻ ጠረገለት። ፊልሙ በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካችን ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል ግን በቀረበ አቤቱታ ምክንያት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለጊዜው ታገደ። ፊልም ከገንዘብና ከተዋናይ ሌላ የባለታሪክንም ፈቃድ እንደሚጠይቅ ያን ጊዜ ሁላችንም ተማርን።

እስካሁን ያልሁትን ያነበበ ሰው «እንግዲያው መዘግየት ደግ ነገር ነው ልትለን ነውን?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። አይደለም። ዐሥራ አራት ዓመት አንድ ፊልም መጠበቅ ማለት በዚያ ዘመን ሊሠሩ ይችሉ የነበሩ ሌሎች ሦስት አራት ፊልሞችን አለመሥራት ማለት ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የቪዲዮ ካሜራ የያዙ ሰዎች በራሳቸው ገንዘብ እየቀረጹ፥ በሲኒማ ቤት እያሳዩ፥ ከቲኬቱ ገቢ ቀጣዩን እየሠሩ አንድ ገበያ አቋቁመው ነበር። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ከዚያ ዘመን ፊልሞች ይጠቀሳል፤ እርሱ ሴባስቶፖል የተባለውን ሲኒማም እስከ ማቋቋም ደርሷል። እነዚህ ሰዎች ከውጭ አገር ደብዳቤ አልጠበቁም፤ ተዋንያኑንም ያለማንም ፈቃድ መረጡ። ድካማቸው ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ገንዘቡ በቶሎ መመለስ ስላለበት ታሪኩም በቶሎ የሚሸጥ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ያው የታወቀ ፊት ከፊልም ወደ ፊልም ሲመላለስ ይታያል። እንግዲህ የውጩ ገንዘብ የራሱን ፊት ይመርጣል፤ የአገር ውስጡም ጥድፊያ የራሱን ፊት ይመርጣል። በሁለቱ መካከል የቀረ ሰው ያለ ጤፍ ዲከረንስ የተከለው ነው።

ሦስተኛ መንገድ የለምን? አገራችን ሞክራው ነበር። የመጀመሪያው ረጅም የኢትዮጵያ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ገደማ፥ «ጉማ» ደግሞ በ1960ዎቹ ከተሠሩ በኋላ፥ በደርግ ዘመን የፊልም ኮርፖሬሽን የተባለ የመንግሥት ድርጅት ተቋቁሞ ነበር። «አስቴር» የተባለው የሰሎሞን በቀለ ወያ ፊልም ከዚያ ዘመን ማብቂያ የመጣ ነው። ኮርፖሬሽኑ በኋላ ፈረሰ። መንግሥት ራሱ ፊልም ሠሪ ሲሆን ምን ዓይነት ታሪክ እንደሚያልፍና ምን ዓይነቱ እንደሚቀር መገመት አያስቸግርም፤ ስለዚህ እንዳለ ይመለስ የምል አይደለሁም። በ2017 በፈረንጆች አቆጣጠር የወጣውም የፊልም ፖሊሲ በመርሕ ደረጃ የዘርፉን ችግሮች አውቋል፤ ፖሊሲ ግን ካሜራ አይከራይም።

ሌሎች ያደረጉትን እንመልከት። የፈረንሳይ መንግሥት በ1946 የሲኒማ ማዕከል አቋቁሞ፥ ሁለት ዓመት ቆይቶ ከእያንዳንዱ የሲኒማ ቲኬት ላይ ጥቂት ሳንቲም እየተቀነሰ ለሚቀጥለው ፊልም እንዲውል ደነገገ። የአሜሪካን ፊልም ለማየት የሚገባው ፈረንሳዊ እንኳ ሳያውቀው የአገሩን ፊልም ይረዳል። ድሀይቱ ቡርኪና ፋሶም በ1970 ሲኒማ ቤቶቿን ወርሳ ከቲኬቱ ገቢ ለፊልም ሥራ ገንዘብ መደበች፤ የአፍሪካ ፊልም ሁሉ የሚሰበሰብበት የፌስፓኮ ከተማ መሆኗም ከዚህ የተለየ ታሪክ አይደለም። የሁለቱ አገሮች ብልኀት አንድ ነው፤ የዛሬው ቲኬት ለነገው ፊልም ጤፍ ይሆናል። ገንዘቡም ከአንድ ባለጠጋ ሳይሆን ከብዙ ሰው ጥቂት በጥቂቱ ስለሚመጣ «ይህችን ተዋናይ ካላስገባህ» የሚል አንድ ጌታ የለበትም። አንድን ነገር ብቻ ተደግፎ መቆም የሚያመጣውን አደጋ እኛ አዊዎች በቅርቡ አይተናል፤ በዲከረንሱ ላይ በሽታ የገባ ጊዜ ማሳውን ሁሉ በዛፍ የሸፈነው ገበሬ ከሁሉ ይልቅ ተጐድቷል።

ይሁን እንጂ ነገሩን ሁሉ ወደ ላይ ማሳበብ ልክ አይደለም፤ ከእኛው ልጀምር። ያን ማታ በጥሊሊ ያየነው «ጤዛ» ከማን ተገዛ? ከማንም አልተገዛም። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ነበር፤ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ዐሥራ አራት ዓመት የተደከመበትን ሥራ በአምስት ደቂቃ ገልብጬ፥ ከዚያም ለምን የአገራችን ፊልም ሠሪ ገንዘብ ያጣል ብዬ አምስት ሻይ ስጠጣ አመሸሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ሳልጽፈው ብቀር ሌላው ነገር ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል።

ሁለተኛው ነገር ወጣት ሹማምንትን ይመለከታል። ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር አንድ አጭር ፊልም ልንሠራ አስበን ነበር፤ ስለ አንድ ፈረሰኛና ስለ እኅቱ። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የአድዋን ድል በፈረስ የሚያስብ ማኅበር ላለው ሕዝብ ፈረስና ፈረሰኛ ማግኘት አያስቸግርም፤ ባለፈረሱም ለሦስት ቀን ከገብስና ከሣር ሌላ ምንም አልጠየቀንም። ገንዘቡንም ከየደመወዛችን አዋጣን። ችግሩ በሁለት በኩል መጣ። በመጀመሪያ የእኅቲቱን ቦታ የምትይዝ ልጅ ፈልገን ሦስት ቤት አንኳኳን፤ ሁለቱ «ልጄ በየስልኩ እንድትታይ አልፈልግም» አሉን፤ ሦስተኛዋ እናት ልጅቷ ስትቀረጽ አጠገቧ ቁጭ ብለው እንደሚጠብቁ ተስማምተን ፈቀዱልን። ቀጥሎ በአደባባይ ለመቅረጽ የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቅን። አንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው፥ ያም ወደ መጀመሪያው መራን። የሚፈርሙት ሰው ስብሰባ ናቸው፤ የሚያትሙት ሰው ፈቃድ ላይ ናቸው። ማንም «አይቻልም» አላለንም፤ ማንም ግን አልፈረመም። ደብዳቤው ሲወጣ ክረምት ገብቶ ሜዳው ረግረግ ሆነ፤ ልጅቷም ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄዳለች።

ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ በዓለም ፊት ከ«ጤዛ» ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ነገር ግን ሥሩ አንድ ነው። እኛም የመጀመሪያውን ፊት አጣን፤ ያጣነውም በገንዘብ እጦት ሳይሆን በአንድ ማኅተም ነው። ውጭ አገር የሚገኘውን ባለገንዘብ «ተዋናያችንን መረጥህብን» ብለን የምንወቅሰው በአንድ በኩል ሆኖ፥ እዚሁ በጠረጴዛችን ላይ ወረቀት አሳድረን ተዋናይ የምናሰድደው በሌላ በኩል ከሆነ፥ ክርክራችን ሚዛን የለውም። ስለዚህ ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ወጣት ሹማምንት ሆይ፥ አንድ ልጅ ካሜራ ይዞ ወደ ቢሮአችሁ ሲመጣ የምታስቀሩበት እያንዳንዱ ሳምንት ከፊልሙ ላይ የሚቈረጥ ሥጋ መሆኑን አስቡ። መከልከል የሚገባው ከሆነ በዚያው ቀን ይከልከል፤ መፍቀድ የሚገባው ከሆነም በዚያው ቀን ይፈቀድ። ተማሪዎችም በበኩላችሁ የአገር ልጅ ሥራ በተገቢው መንገድ ሲሸጥ ስታገኙ የአንድ ሻይና የአንድ ዳቦ ዋጋ አውጡለት፤ ያ ዋጋ ትንሽ ቢሆንም ለአንዱ የመጠበቂያ ጤፍ ነው።

ጓደኞቼና እኔ ጥር ሲመጣ፥ ሜዳው ሲደርቅ፥ እንደገና ልንሞክር ተስማምተናል። ደብዳቤውን በዚህ ጊዜ ከመስከረም ጀምረን ጠይቀናል። ሽማግሌው ዘንድ ሄጄ ይህን ብነግራቸው ጥቂት አሰቡና «መልካም፤ ለእኅቲቱ ቦታ ግን አሁኑኑ ሁለት ልጅ አስተምሩ፥ አንዷ ብትሄድ አንዷ ትቀራለች» አሉኝ። ምክራቸውን ተቀብለናል።